በጡወይቅ ጫፍ የተቀመጠው ፊንጃል

በዚያ ቀን ከሪያድ ወጣ ብሎ ባለው በጡወይቅ ተራራ ጫፍ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። ቡና ቀጂዋ እኔ ከድጃ። የሁላችን አለቃና የእኔ አስተማሪ እትዬ ሩቅያ። ሦስተኛዋ ቀጂ ሐሊማ፣ የጅማ ልጅ፣ አፏ የማያርፍ። መኪናውን የነዳልን ኑረዲን። ከሠርጉ ባለቤቶች ወገን አሮጊቷ ኡም ሱለይማን፣ ልጃቸው ሱለይማን፣ የሱለይማን ልጅ የሆነችው ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ከሁለቱም ቤት የመጡ ወንድና ሴት እንግዶች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። ዝግጅቱን የምትመራው ሪማ የምትባል፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ልጅ። አንድ ፎቶ አንሺ። ሌላ ሰው አልነበረም። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ያን ቀን የሆነውን ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው ካለ ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት። እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

አሁን ሥራ አቁሜያለሁ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ ሥራውም ተለወጠ። ድሮ በሪያድ የሠርግ አዳራሾች ለሴቶቹ ቡና የምንቀዳው ብዙዎቻችን የአገራችን ልጆች ነበርን። ሰባባ ይሉናል፤ ቀጂ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ቦታ የአገሬው ወጣቶች ራሳቸው ጥቁር ሽርጥ አሥረው፣ ከማሽን እየቀዱ ያስተናግዳሉ። ሥራ ነውር አይደለም ብለው መጀመራቸው ደስ ይለኛል። የእኔ ሥራ ግን የት እንደገባ አላውቅም። ልጄ ሰሚራ «ማማ፣ እኔን ከምታደክሚኝ ጻፊው» አለችኝ። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። እኔም የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የምጽፈውን የሚያርምልኝ ሰው ቤት ውስጥ የለም፤ ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ወደ ሪያድ የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነበር። ሙረባዕ ውስጥ አንድ ቤት ተቀጠርኩ። የሰሚራ አባት ሰናኢያ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ታመመና አገር ገባ፣ እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ የአንድ ቤት ደመወዝ ለእኔና ለልጄ አልበቃ አለ። ሌላ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ፤ ግን ሁሉም ሥራ ያስፈራኝ ነበር። ሰው የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ያስፈራኛል፣ ሰው የማያስፈራውም ጭምር።

እትዬ ሩቅያን ያገኘኋት ዲራ ገበያ ነው። ለመዳሜ ሄል እየገዛሁ፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እየነከስኩ ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ረጅም ሴት በወሎ አነጋገር «ሻጩን አስለቀስሽው እኮ፣ እህቴ» አለች። ደንግጬ ዞርኩ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ማንም አላስተማረኝም፣ እንዳልታለል ስለምፈራ ነው አልኳት። ሳቀችና «ፈሪ ሰው ነው የምፈልገው። ደፋር ሰው ቡና ይደፋል» አለችኝ። በዚያው ሳምንት አዳራሽ ይዛኝ ገባች።

የዓረብ ቡና እንደኛ ጥቁር አይደለም። ለጋ ሆኖ ይቆላል፣ ሸካራ ሆኖ ይፈጫል፣ ይፈላል፣ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ በሌላ ዕቃ ውስጥ በተወቀጠ ሄል ላይ ይገለበጣል። መቅጃው ደላ ይባላል፤ አፉ እንደ ወፍ መንቁር ወጣ ያለ ነው። ይህንን ማንም ይማረዋል። እትዬ ሩቅያ የምታስተምረው ከዚህ በኋላ ያለውን ነበር። ደላ በግራ እጅ፣ ፊንጃል በቀኝ። ፊንጃል እጀታ የሌለው ትንሽ ስኒ ነው፤ እስከ ሲሶው ብቻ ይቀዳበታል። ሞልቶ መስጠት ጠጥተሽ ውጪልኝ እንደማለት ነው። እኛ አገር ሰውን የሚያስቀይመው ያልሞላ ስኒ ስለሆነ እጄን እስካስለምድ ብዙ ተቸገርኩ። እንግዳዋ ወሬ ይዛ ካላየችሽ ስሟን አትጠሪም፤ ፊንጃሉን በደላው አፍ ነካ ታደርጊዋለሽ፣ ድምፁን ሰምታ እጇን ትዘረጋለች። ስትጠግብ ፊንጃሉን ወዝወዝ ታደርገዋለች። እስክትወዘውዝ ድረስ ከፊቷ ፈቀቅ የለም።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት የእያንዳንዱን ፊንጃል ከንፈር በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፤ የተሰነጠቀ ካገኘች ለማንም ሳትናገር ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ቴርሞሶቹን ቀድማ በፈላ ውኃ ታሞቃቸዋለች፣ ከዚያ በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ደርድራ ታስተኛቸዋለች። ሳንበላ ሥራ አታስገባንም፣ የራበው እጅ ይንቀጠቀጣል እያለች። እኔ በየመሐሉ ለሰሚራ እየደወልኩ በሩን ቆለፍሽ ወይ፣ ጋዙን ዘጋሽ ወይ እያልኩ ስጠይቅ ሌሎቹ ይስቁብኛል፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም። እንዲያውም ቆይቼ ካልደወልኩ «ከድጄ፣ ልጅቱስ?» ትለኛለች።

ሁለት ነገር ግን አጥብቃ ትከለክል ነበር። አንደኛው የቀዘቀዘ ቡና ነው። እንግዳ ፊት ቡና ቀዝቅዞ ካየች፣ ያ ፊንጃል የንጉሥም ይሁን የልጅ፣ ታነሳዋለች፣ ትደፋዋለች፣ አሙቃ ትቀዳለች። ሁለተኛው መሬት የተቀመጠ ፊንጃል ነው። በዓረቦቹ የቆየ ልማድ አንድ እንግዳ ከአስተናጋጁ የሚፈልገው ትልቅ ጉዳይ ካለው፣ የተቀዳለትን ቡና ሳይጠጣ ፊቱ ያስቀምጠዋል። ባለቤቱ «ጠጣ፣ ጉዳይህ ተፈጽሟል» ካለው ይጠጣል። ካላለው አይጠጣም፣ ያም ለባለቤቱ ነውር ነው። እትዬ ሩቅያ ስታስተምረኝ «መሬት የተቀመጠ ፊንጃል የሰው ቃል ነው፤ እጅሽን አታስገቢ» ብላኛለች።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በአዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከእህቷ ጋር የተጣላች አንዲት ወይዘሮ በእህቷ ልጅ ሠርግ መጣችና ፊንጃሏን ምንጣፍ ላይ አስቀመጠች። እኔ ደላውን ይዤ ፊቷ ቆሜ ቀረሁ። አዳራሹ ሙዚቃ በሙዚቃ ነው፤ በዚያ ጥግ ግን ሰው ሁሉ ወደ ፊንጃሉ ዞረ። እህትየዋ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፣ ቆይታ መጣችና አጠገቧ ተቀምጣ ጠጪ አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ቡናው ቀዝቅዞ እንደነበር አውቃለሁ። እትዬ ሩቅያ ከወዲያ ማዶ ሆና ስታየኝ ነበር፤ አልነካሁትም፣ እሷም እንድነካው ምልክት አልሰጠችኝም። ስለዚህ ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

አሠሪዎቻችን ብዙ ነበሩ። ለአዳራሾቹ ቀጂ የምታቀርብ አንዲት ወይዘሮ ነበረች፤ ክፍያው ትንሽም ቢሆን በጊዜው ይደርሰናል፣ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። ስንሳሳት ግን ሁሉም የሚጠሩት ሩቅያን ነው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራውና የሙሽራዋ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የመጀመሪያው ፊንጃል ለእኔ ነው፣ ለእኔ ነው በሚል ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። ወይዘሮዋ በላብ ተጠመቀች። እትዬ ሩቅያ ጠራችኝና «እግሬን እያየሽ ተራመጂ» አለችኝ። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ እኩል ተራምደን፣ እኩል ጎንበስ ብለን፣ እኩል ቀዳን። ሁለት ፊንጃል፣ አንድ ድምፅ። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። እጄ እስከዛሬ ያን ድምፅ ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ወደ ተራራው ልመለስ፤ ከዚያ በፊት ግን እትዬ ሩቅያ ምን ላይ እንደነበረች መናገር አለብኝ።

እሷ በአዳራሽ የምትሠራው ከፊሏ፣ ማለትም ወደ አገሩ ያስመጧት አሠሪዋ፣ እየፈቀዱላት ነበር። ከፊሏ የኡም ሱለይማን ባል ነበሩ። ወደ ሪያድ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት አልወጣችም፤ ሱለይማንን ራሱን ትምህርት ቤት ታደርሰው ነበር። ሽማግሌው ሲሞቱ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወደ ሱለይማን መዞር ነበረበት። ሱለይማን መጥፎ ሰው አይደለም። እናቱን ወደ ራሱ ቪላ ሊያዛውር፣ አሮጌውን ቤት ሊዘጋ አስቦ ነበር። ለሩቅያ «ብዙ ደክመሻል፣ አሁን አገርሽ ገብተሽ ዕረፊ» አላት። ትኬትና ስጦታም አዘጋጀላት። እሱ ደግነት ያደረገ ነው የመሰለው። እሷ ግን አገር ቤት ማንም የላትም። አልወለደችም፤ እህት ወንድሞቿ አልቀዋል። ያስተማረቻት አንዲት የእህቷ ልጅ ኮምቦልቻ አለች፣ እሷም ስልክ የምታነሳው ሲመቻት ነው። የኹሩጅ ወረቀቷ ከተመታ፣ ማለትም ለመጨረሻ ጊዜ ውጪ ከተባለች፣ በዚህ ዕድሜዋ ዳግመኛ አትመለስም።

ኡም ሱለይማን ልጃቸውን ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለመኑት። እሺ እያለ በሌላ ወሬ ያልፋቸዋል። በመጨረሻ ለሩቅያ እንዲህ አሏት፦ በልጁ ሠርግ ቀን አስተናጋጁ እሱ ነው፣ እኔ እንግዳው ነኝ፤ ፊንጃሌን መሬት አስቀምጥለታለሁ፣ በሰው ፊት እናቱን እምቢ አይልም። ይህን እትዬ ሩቅያ ራሷ ነገረችኝ፣ ወደ ተራራው ስንሄድ መኪና ውስጥ። ስትነግረኝ ደስ ያላት ይሁን ያፈረች አልለየሁም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

የሠርጉ ነገር ራሱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ኒካሁ ቀደም ብሎ በቤት ተፈጽሟል፣ እራት በኋላ ከተማ ነው። እኛ የተጠራነው ለመሐሉ ነው። ሙሽራዋ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ አዳራሽ የሌለው፣ ወንበር የማይደረደርበት መቀበያ አማራት። ሰው ቆሞ እያወራ፣ ኮክቴል እየጠጣ። ሪያድ ውስጥ ኮክቴል ማለት ማንጎና እንጆሪ በመስታወት ብርጭቆ የሚነባበርበት ጭማቂ ነው። ሐሊማ ሙሉውን መንገድ «ጭማቂ ለመጠጣት ተራራ ይወጣል እንዴ? የእኛ ሰፈር ጭማቂ ቤት ደረጃ እንኳ የለውም» እያለች አሳቀችን። ኑረዲን «አንቺን ገደል አፋፍ አቁመው ዝም ሊያሰኙሽ ነው» አላት።

ስንደርስ ነፋስ ነው። ክረምት ስለነበር ነፋሱ እጅ ይቆርጣል። እንግዶቹ ጃኬትና የስፖርት ጫማ አድርገዋል፤ ሴቶቹ ከዓባያ በላይ ወፍራም ካፖርት ደርበዋል። ወንድና ሴት አንድ ላይ ናቸው፣ የቤተሰብ ነው ተብሎ። እኛ በሕይወታችን የቀዳነው ለሴቶች ነው። ኒቃባችንን እናድርግ ወይስ እንተው? ለወንዶቹ ማን ይቅዳ? የክብር ወንበር ከሌለ ከማን ይጀመራል? ሪማን ጠየቅናት። «ከማንም አትጀምሩ» አለች በፈገግታ። ቡናው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ የወረቀት ኩባያ ይደርደር፣ የፈለገ ራሱ ይቅዳ። እናንተ ቆማችሁ ጎደሎውን ሙሉ። ደግሞ አደራ፣ ፎቶ ስለሚነሳ መሬት ላይ ምንም ኩባያ እንዳይታይ።

ራሱ ይቅዳ። እትዬ ሩቅያ የሰማችውን ቃል ያልገባት ያህል ቆመች። ሐሊማ በጆሮዬ «ታዲያ እኛን ለምን ጠሩን፣ ለጥላ?» አለችኝ።

ከዚያ ቡናው ከዳን። ከከተማ አፍልተን ያመጣነው በመንገድ ርዝመት መርሮ ነበር። እዚያው እንደገና ለማፍላት የጋዝ ምድጃ ለኮስን፤ ነፋሱ አጠፋው። ኑረዲን መኪናውን አዙሮ ከለላ አደረገልን፤ እሳቱ ቢቆይም ጎኑን እየላሰ ውኃው ለብ ከማለት አላልፍ አለ። እኔ ፎጣ ዘርግቼ ስከልል ፎጣዬ ሊቃጠል ነበር። እንግዶቹ ከጠረጴዛው እየቀዱ አንድ ጊዜ ፉት ይሉና ያስቀምጡታል። ነፋሱ አሸዋ ይጨምርበታል። የወረቀት ኩባያዎቹ አንዳንዶቹ እየተንከባለሉ ወደ ገደሉ ሄዱ። ሙሽራዋ አልተቆጣችም፣ እንዲያውም ሳቀች፤ ግን አንድም ሰው ሁለተኛ አልቀዳም። ሪማ መጥታ «ኸላስ፣ ቡናውን ተዉት፣ ጭማቂ ይበቃል» አለችን። በእትዬ ሩቅያ የሥራ ዘመን ቡናዋ ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።  የወረቀት ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ፣ አራግፋ፣ እንደ ፊንጃል ደረደረቻቸው፤ ማንም የማይፈልጋቸውን።

ኡም ሱለይማን የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ድንጋዩ ላይ ትንሽ ምንጣፍ ተዘርግቶላቸው፣ ጀርባቸውን በትራስ አስደግፈው ተቀመጡ። ከሁሉም ሰው የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። እትዬ ሩቅያ ፊቷ በራ። ለእሳቸው ብላ አንድ ትንሽ ቴርሞስ ከዓባያዋ ሥር በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ እኔ እንኳ አላወቅሁም። እውነተኛ ፊንጃል አወጣች፣ ጠረገች፣ ቡናውን ወደ ደላ ገለበጠች፣ በግራ ደላ፣ በቀኝ ፊንጃል፣ እንደ አዳራሹ ቀዳችላቸው። ቡናው ሲጤስ አየሁት።

አሮጊቷ ተቀበሉ። አልጠጡም። ልጃቸውን ጠሩ። ሱለይማን ከሙሽራው ዘመዶች ጋር ይሥቅ ነበር፤ ስሙን ሲሰማ ዞረ። እሳቸው እያዩት ፊንጃሉን ምንጣፉ ላይ ፊታቸው አስቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

 ያ ፊንጃል የሩቅያ ዕጣ ነው። ወጣቶቹ ምንም አልገባቸውም፤ አንዷ እንዲያውም «አያቴ ቡናው አልጣማትም» ብላ ሳቀች። ከሙሽራው ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ ግን ገባቸው፣ ወሬያቸውን አቁመው ሱለይማንን ተመለከቱ። ሱለይማን ፊንጃሉን አየ። ማየቱን እምልላችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን መማል አልችልም። ለእኔ የታየኝ ወደ ስልኩ ሲያጎነብስ ነው። ሐሊማ ደግሞ፣ አጠገቤ ቆማ፣ አንድ እግሩን ወደ እናቱ አንሥቶ፣ አፉን ሊከፍት ነበር ትላለች። ሁለታችንም ከአንድ ቦታ ሆነን ነው ያየነው። እኔ አንድ ነገር አየሁ፣ እሷ ሌላ ነገር አየች።

ፎቶ አንሺው ሰዎቹን ወደ ገደሉ ጫፍ ይገፋል፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ነፋሱ መጣ። ከፊንጃሉ ጭሱ ጠፋ። ሪማ ከሩቅ ለእትዬ ሩቅያ በጣቷ ፊንጃሉን አሳየቻት፤ መሬት ላይ ኩባያ አይታይ ማለቷ ነው። እኔ በሆዴ አትሄድም አልኩ። የሰው ቃል ነው፣ እጅሽን አታስገቢ ያለችኝ እሷ ናት።

እትዬ ሩቅያ ሄደች። ተንበረከከች። ፊንጃሉን አነሳችው፣ ቡናውን ከምንጣፉ ውጪ ድንጋዩ ላይ ደፋችው። ለብ ባለው ውኃ አለቀለቀችው፣ ከትንሹ ቴርሞስ እንደገና ቀዳች፣ ዘረጋችላቸው።

ኡም ሱለይማን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሩቅያ» አሉ።

«ይጠጡ፣ ዩማ» አለቻቸው። ዩማ ማለት እናቴ ነው።

ጠጡ። ሲጨርሱ ፊንጃሉን ወዘወዙ። ሱለይማን ከሰዎቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄደ። ሽማግሌውም ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሆነ የተባለ ነገር የለም።

ጀንበር ገብታ በመኪናው ተመለስን።  የከተማው መብራት መታየት ሲጀምር አላስቻለኝም፤ እትዬ፣ ለምን አነሳሽው? አልኳት።

«ቀዝቅዞ ነበር» አለችኝ።

«የአንቺ ጉዳይ ነበር እኮ»

«አውቃለሁ። ቀዝቅዞ ነበር አልኩሽ፣ ከድጄ። የቀዘቀዘ ቡና እሳቸው ፊት ትቼ ልቁም?»

ሐሊማ ከኋላ «የፈረደበት ቡና» አለች፣ ቀስ ብላ። እትዬ ሩቅያ ሳቀች። ሳቋ እንደ ወትሮው ነበር፣ ይህም ግራ አጋባኝ።

ከዚያ ወዲህ ያላሰብኩት የለም። አንዳንድ ቀን እጇ ብቻዋን የሠራችው ይመስለኛል፤ ያን ሁሉ ዘመን የቀዘቀዘ ሲያነሳ የኖረ እጅ። ሌላ ቀን ደግሞ ሱለይማን ወደ ስልኩ ሲያጎነብስ አይታው፣ እናቱ በሰው ፊት እንዳይዋረዱ ብላ ጉዳዩን ራሷ ያነሳችላቸው ይመስለኛል። ሐሊማ ይህን አትቀበልም፤ ሰውዬው ሊናገር ነበር፣ ሩቅያ ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ ዛሬ እዚህ ነበረች ትላለች፣ ስትል ዓይኗ እንባ ይሞላል። ኑረዲን ሴትዮዋ ቡናዋ የተናቀ ዕለት አገሩ አስጠላት ባይ ነው። ለሰሚራ ነገርኳት። ሰሚራ በዓረብኛዋ ቀላቅላ «ማማ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ መቅረት የሚፈልግ ይመስልሻል። ምናልባት መሄድ ፈልጋ ነበር። ማንም የጠየቃት የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አሮጊቷ ጠየቁላት፣ እኔ ጸለይኩላት፣ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለን ግን አልጠየቅናትም። ቢሆንም አላመንኩም። ያ ትንሽ ቴርሞስ ለምን በዓባያዋ ሥር ነበር ታዲያ? መሄድ የፈለገች ሴት ለዚያች ፊንጃል እንዲህ ትጠነቀቃለች? ወይስ የመጨረሻዋ ስለሆነች ነው የተጠነቀቀችው? እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሐሳቤ ይቆረጣል።

ኹሩጇ ተመታ። ሱለይማን ቃሉን አላጠፈም፣ በክብር ሸኛት፤ አየር ማረፊያ ድረስ ሻንጣዋን ራሱ ገፋ። እኔና ሐሊማም ነበርን። ያን ጥያቄ እንደገና ልጠይቃት አስቤ ሄጄ ነበር፤ እሷ ግን ስለ እኔ ጉልበት፣ ስለ ሰሚራ ሥራ ስትጠይቀኝ ሰዓቱ አለቀ። ስትገባ ዞር ብላ አላየችንም። ዞር ያላለችው አልቅሳ ይሁን ቸኩላ፣ ይህንንም አላውቅም።

እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራሁም። አዳራሽ ገብቼ የፊንጃል ከንፈር ስዳስስ፣ ፊንጃል መሬት ላይ ባይ የቱን ሕግ እከተላለሁ እያልኩ መፍራት ጀመርኩ። አንድም ቀን አልገጠመኝም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ጉልበቴም ተጨመረበት፣ ተውኩት።

ባለፈው ረመዳን ኡም ሱለይማንን ልጠይቅ ልጃቸው ቪላ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አወቁኝ። አዲሷ ሠራተኛ ቡና አመጣች፣ ጠጣን። እንደምንም ደፍሬ ያን ቀን ለምን ደግመው እንዳላስቀመጡት ጠየቅኋቸው። «የተለመነላት ሰው ራሷ ካነሳችው፣ እኔ በማን ስም ደግሜ አስቀምጣለሁ?» አሉኝ። እሳቸው ለምን ያነሳችው ይመስልዎታል አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። «እኔ አንቺን ልጠይቅ ነበር» አሉ። «የአገርሽ ሰው ናት። ታገኚያት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ካልነገረችሽም ደህና መሆኗን ብቻ ንገሪኝ።» ስወጣ በር ድረስ ድምፃቸው ተከተለኝ፤ አደራ እያሉ።

አገር ከገባች በኋላ ሦስት ጊዜ ያህል ደውላልን ነበር። ኮምቦልቻ ከእህቷ ልጅ ጋር እንደሆነች፣ ብርዱን እንደረሳችው፣ ሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ እንደሚናገር ነገረችኝ። ከዚያ ቤት ልቀይር ነው አለች፤ ወዴት እንደሆነ ሳትነግረኝ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ስልኩ አይሠራም። የእህቷ ልጅ ስልክም ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው፣ አላውቃቸውም ይላል። ወደ አገር የሚገባ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ያያት የለም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅና ከሚሴ ያላችሁ፣ ከሪያድ የተመለሰች ረጅም፣ በዕድሜ የገፋች፣ ሩቅያ የምትባል ሴት የምታውቁ እንደሆነ፣ እባካችሁ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን አስነግሩልኝ።